የጋሽ እንፋሎት ዓይን

ሰው አውሬ ይፈራል፣ ሌባ ይፈራል፣ አለቃ ይፈራል። ጋሽ እንፋሎት የሚፈሩት ግን የገዛ ልጃቸውን ነበር። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሰው ላይ ቀርቶ ድመት ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም። የፈሩት ዓይኑን ነው። የልጁ ዓይን ጥርት አድርጎ ያያል፤ የእሳቸው ዓይን በደንብ ማየት ካቆመ ዓመት ሊሞላው ነው። ይህን ልጃቸው ያወቀ ዕለት የሠላሳ አንድ ዓመት ሥራቸው አበቃለት ማለት ነው።

«ጋሽ እንፋሎት» እናታቸው ያወጡላቸው ስም እንዳልሆነ መቼም ግልጽ ነው። ስሙን ያወጡላቸው የልብስ ማጠቢያ ድርጅቱ ሠራተኞች ናቸው። ድርጅቱ የሆቴሎችንና የሆስፒታሎችን አንሶላና ፎጣ አጥቦ፣ ተኩሶ፣ አጣጥፎ ይመልሳል። ማጠቢያውም መተኮሻውም የሚሠራው በአንድ ትልቅ ቦይለር እንፋሎት ነው። ቦይለሩ የቆመው ከመተኮሻ አዳራሹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ከግድግዳው ወዲህ ጋሽ እንፋሎት አሉ፣ ከግድግዳው ወዲያ አንሶላ የሚተኩሱ አርባ ሴቶች። ግድግዳው የአንድ ጡብ ውፍረት ነው። ጋሽ እንፋሎት ይህን ማሰብ ስለማይወዱ አያስቡትም።

የዓይናቸውን ነገር የሚያውቀው አንድ ሐኪም ብቻ ነው። የሚያውቃቸው ሰው እንዳያያቸው ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ሩቅ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄደው ነበር። ሐኪሙ በመብራት ሲያያቸው ቆይቶ፣ «ነርቩ ነው አባት፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም እየሄደ ነው» አላቸው። አመስግነው ወጡ። በድርጅቱ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ደግሞ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሙና ከፊታቸው ያሉት ሰዎች ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል ጮክ ብለው ሲያነቡ አዳምጠው በቃላቸው ያዙት። ተራቸው ሲደርስ እንደ ዳዊት ደገሙት። ነርሷ፣ «ጋሼ፣ የጎረምሳ ዓይን ነው እኮ ያለዎት!» አለች። እሳቸውም ሳቁ። ሳቃቸው ግን ከጥርሳቸው አልዘለቀም።

እንዲህ ከመሆን ሥራውን መተው አይሻልም ወይ የሚል ሰው ይኖራል። እንዲህ የሚል ሰው ባለቤታቸውን አላየም። ባለቤታቸው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ የጡረታው ገንዘብ ሲታሰብ መድኃኒቱን ከወሩ አጋማሽ አያደርስም። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ከሁለቱ ሌላ አንድ የሚበላ አፍ አለ። ልጃቸው ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በመካኒካል ምህንድስና ተመርቋል፤ ከተመረቀም በኋላ ሰባት ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ሲያስገባ ኖሯል። ሠራተኞቹ «ኢንጂነሩ» ይሉታል፤ ግማሹ በፍቅር ነው፣ ግማሹ ለፌዝ። ከአምስት ወር በፊት በአባቱ ልመና በስድስት ወር ኮንትራት የቦይለር ረዳት ሆኖ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ሲቀጥረው፣ «አባትህ ሲወጡ ቦታው ያንተ ነው፤ እሳቸው እስካሉ ግን ሁለት ሰው በቋሚነት አልይዝም» ብሎታል።

እንግዲህ ቦታው አንድ ነው፣ ሰዎቹ ሁለት። ልጁ አንዲት ቃል ቢተነፍስ፣ «አባቴ አያይም» ቢል፣ አባት ይወጣሉ፣ ልጅ ይገባል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ጋሽ እንፋሎት ልጃቸውን አልጠሉም። መፍራቱን ግን ፈሩት።

አሁን ስለ ብርጭቆዋ መናገር ግድ ነው። ቦይለር ውስጥ ያለው ውኃ ልኩ የሚታወቀው ፊቱ ላይ በቆመች አንዲት የብርጭቆ ቱቦ ነው። ውኃው ቱቦዋ ወገብ ላይ ሲሆን ሰላም ነው። ክፋቷ ግን እዚህ ላይ ነው፤ እስከ አፏ ስትሞላና ጨርሳ ባዶ ስትሆን መልኳ አንድ ነው። ሁለቱም ንጹሕ ብርጭቆ ነው፤ መስመር የለው፣ ምልክት የለው። ባዶዋን ሙሉ ናት ብሎ የተቀመጠ ስንት ባለሙያ ቦይለሩ ፈንድቶ ከነክፍሉ ጠፍቷል። ስለዚህ ነባሮቹ ብርጭቆዋን አያምኗትም፣ ይጠይቋታል። ከሥሯ ያለችውን ትንሽ ቧንቧ ከፈት ያደርጋሉ፤ ውኃ ካለ ይንደቀደቃል፣ ከሌለ ደረቅ እንፋሎት ያፏጫል። ለዚህ ደግሞ ዓይን አያስፈልግም፣ ጆሮ ይበቃል። ጋሽ እንፋሎት ዓመቱን ሙሉ የሠሩት በጆሮአቸው ነው። በየአሥር ደቂቃው ቧንቧዋን ይከፍታሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ይዘጋሉ። በዚህ ዓይነት፣ ጆሮአቸውን እግዜር ይስጠውና፣ አንድም ቀን አልሳቱም።

ነገሩ የተበላሸው ማክሰኞ ጠዋት ቁርስ ላይ ነው። ሦስቱም ወጥ ቤቷ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ዳቦ በሻይ ይበላሉ። እናት እንዲሁ ለጨዋታ ያህል የጎረቤት ልጅ ሊያገባ መሆኑን አነሱ።

«ባንተ ዕድሜ እኔ አንተን ወልጄ ነበር» አሉ ጋሽ እንፋሎት። ክፋት አስበው አልነበረም፤ አፋቸው ነው።

ልጁ ዳቦውን አስቀመጠ። «ባንተ ዕድሜ አንድ ደሞዝ ቤት ያቆም ነበር፣ አባዬ። እኔ ሚስት ባገባ የት ላስተኛት? አንተና እማዬ መሃል?»

«ሠርቶ ነዋ ቤት የቆመው! ስልክ ሲነካኩ ውሎ አይደለም።»

«ሥራውን ስጡና! ማዕዱ ላይ ቀድማችሁ ተቀመጣችሁ፤ ይሁን፣ ብሉ። በላችሁ፣ ጠገባችሁ፣ አሁንም አንነሳም አላችሁ። እኛ ቆመን ሳህን ስንጠብቅ ፀጉራችን ሸበተ። ደግሞ ተመልሳችሁ ሰነፍ ትሉናላችሁ። ስልሳ ሦስት ዓመትህ እኮ ነው!»

«እኔ ብነሳ ማን ነው ይሄን ዳቦ የሚገዛው?»

«እኔ ነኛ! እኔ!»

«በጠዋቱ!» አሉ እናት። «ሻዩን እንኳ በሰላም አታስጠጡንም?»

 በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ደግ ነበር። ልጁ ግን ንዴቱ ስላልወጣለት ሌላ ነገር ጨመረ። «እሺ ሌላውስ ይሁን፤ ያቺን ቧንቧ በየአሥር ደቂቃው ለምንድን ነው የምትከፍታት? መመሪያው በፈረቃ አንዴ ነው የሚለው። ብርጭቆዋ ፊትህ ቆማ እያየሃት፣ እንደ ሕፃን ልጅ ጆሮህን ትደቅናለህ።»

ጋሽ እንፋሎት የሻይ ብርጭቆአቸውን እንደያዙ ክው ብለው ቀሩ። ነቃብኝ አሉ በሆዳቸው። ወይም ሊነቃ ነው። ልጁ ሲያፈጥባቸው ይታወቃቸዋል፤ ፊቱ ግን ለእሳቸው ጭጋግ ነው፣ ምን እንዳለበት ማንበብ አይችሉም። «የድሮ ልማድ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ተሰማቸው።

መንገዱን ሙሉ ሳይነጋገሩ ሄዱ። ጋሽ እንፋሎት የልጃቸውን እግር ድምፅ እየተከተሉ፣ እግረ መንገዳቸውንም አንድ ውሳኔ ወሰኑ። ዛሬ ልጁ ፊት ቧንቧዋን አይከፍቱም። እንደማንኛውም ዓይን እንዳለው ሰው ብርጭቆዋን ቀና ብለው አይተው፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ብቻ። ጥርጣሬው እስኪበርድ።

ቦይለሩ ላይ ውኃ ሲጎድል እሳቱን በራሱ የሚያጠፋ መሣሪያ ነበረበት። ነበረበት። መሣሪያው አርጅቶ ውኃ እያለም እሳቱን ማጥፋት ስላመጣ፣ አንሶላ እየዘገየ፣ ሥራ አስኪያጁ እየጮኸ፣ ጋሽ እንፋሎት ከአሥር ቀን በፊት በሽቦ አስረው ዝም አሰኙት። ከዚያ ወዲህ ውኃ የሚገፋውንም ፓምፕ በእጃቸው ነው የሚያበሩትና የሚያጠፉት። ልጃቸው ያን ጊዜ፣ «አባዬ፣ ይሄ እኮ ነፍስ ነው» ብሎ ነበር። «እኛ ያለ እሱ ነው ያረጀነው» አሉት። መልሱ ራሳቸውን ደስ ብሏቸው ስለነበር ለሁለት ሰው ደግመው አውርተውታል።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቦይለሩን ለኮሱ። የመተኮሻ አዳራሹ ኃላፊ በመስኮቱ ብቅ አለች። ድምፅዋ ከፓምፑ ስለሚበልጥ ኮሎኔሏ ይሏታል። «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? ዛሬ የሆስፒታሉ አንሶላ ክምር ነው፤ ደኅና እንፋሎት ይስጡንማ!» ብላ ሄደች። ወዲያው ከግድግዳው ማዶ የመተኮሻ ሮለሮቹ ድምፅ፣ የሴቶቹ ሳቅና ወሬ ተነሳ።

እስከ አራት ሰዓት ነገሩ በሰላም ሄደ። ልጁ ወንበር ስቦ ብርጭቆዋ ፊት ተቀምጦ ስለነበር፣ «ግማሽ»፣ «ከግማሽ በታች» እያለ በቁጣ ድምፅ ይናገራል፤ ጋሽ እንፋሎትም ፓምፑን ያበራሉ፣ ያጠፋሉ። አራት ሰዓት ላይ ግን ለውኃ ማጣሪያው የሚሆን ጨው አለቀ። ጨው ከግቢው ማዶ ካለው መጋዘን ተፈርሞ ነው የሚወጣው። ልጁ ተነስቶ ሄደ።

ብቻቸውን ሲቀሩ ቧንቧዋን ይከፍቷት ይሆናል ብሎ ሰው ያስባል። እጃቸውን ሰንዝረው ነበር። ወዲያው ከበሩ ውጭ የእግር ኮቴ ሰሙ፤ ልጁ የተመለሰ መሰላቸውና እጃቸውን እንደ ሌባ ሰበሰቡ። ሌላ ሰው ነበር፣ አለፈ። እሳቸው ግን ደንግጠው ነበርና ቀና ብለው ብርጭቆዋን አዩ። ብርሃን አዩ። ንጹሕ፣ ጥርት ያለ ብርሃን፣ መስመር የሌለበት። ሞልታለች አሉ። እንዲያውም ከልክ በላይ ሞልታለች፤ ውኃ ከእንፋሎቱ ጋር ወጥቶ አንሶላ ሊያበላሽ ነው። ፓምፑ ጠፍቶ ነበር፤ እንደጠፋ ተዉት። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ጠዋት ልጁ የተናገረውን እያነሱ እየጣሉ፣ ለእያንዳንዷ ቃል ማምሻውን የሚመልሱትን እያዘጋጁ ተቀመጡ። «ሰነፍ ትሉናላችሁ» ላለው ጥሩ መልስ አገኙለት። «ማዕዱ ላይ ተቀመጣችሁ» ላለው አጡለት።

መጋዘኑ ጋ ሰልፍ ነበር። ልጁ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ የጨው ጆንያ ተሸክሞ ሲገባ በሩ ላይ ቆመ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

ጋሽ እንፋሎትም ሽታው ደርሷቸው ነበር፤ የጋለ ቀለም ሽታ። ከአዳራሹ ነው ብለው አልፈውት ነበር።

«ውኃው የት ነው ያለው?» አለ ልጁ ጆንያውን እየጣለ።

«ሙሉ ነው።»

ልጁ ሦስት እርምጃ ተራምዶ ጎንበስ አለና ቧንቧዋን ከፈታት። ፉጨት መጣ። ደረቅ፣ ቀጭን፣ አንድም ጠብታ የሌለበት ፉጨት። ያን ድምፅ ጋሽ እንፋሎት በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንዴ ብቻ፣ ገና ረዳት ሳሉ፣ ያስተማራቸው ሰው ለማሳያ ብሎ አሰምቷቸዋል። 

«ባዶ ነው!» ብሎ ጮኸ ልጁ፣ ወደ ፓምፑም ተወረወረ። ውኃ ጎደለ፣ ውኃ ጨምር፤ ማንም ሰው ይህን ነው የሚያደርገው። ጋሽ እንፋሎት በድምፁ አቅጣጫ ዘለው የልጃቸውን ክንድ በሁለት እጃቸው ያዙ። ከየት እንደመጣ በማያውቁት ጉልበት ያዙት።

«አትንካ! የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ከገባ ግድግዳውን ይዞት ነው የሚሄደው! እሳቱን አጥፋ! እሳቱን!»

ልጁ እሳቱን አጠፋ። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ከማዶ አንዲት ሴት ስትስቅ ይሰማል።

«ሴቶቹን አስወጣ» አሉ ጋሽ እንፋሎት። «ሩጥ! ሁሉንም ግቢው ጫፍ ድረስ!»

«አንተስ?»

«ሩጥ አልኩህ!»

ልጁ ሮጠ። ጋሽ እንፋሎት ማንም መጥቶ ፓምፑን እንዳያበራ ማብሪያውን በጀርባቸው ጋርደው ቆሙ። የጋለው ብረት ቋ፣ ቋ ይላል። ቋ ባለ ቁጥር ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ማየት የማይችል ዓይን መጨፈን ምን እንደሚረዳ እሳቸውም አያውቁም። ከግድግዳው ወዲያ የኮሎኔሏ ጩኸት፣ ወንበር ሲወድቅ፣ የሩጫ ድምፅ፣ «ቦርሳዬ!» የምትል ሴት። ነፍሴን ውሰድ፣ እነሱን ግን ተው ብለው ለመኑ። ወዲያው ደግሞ፣ ኧረ የእኔንም ተው፣ ባለቤቴ መድኃኒት አለባት አሉ። እንዲህ እያሉ ሲፈሩ፣ ሲለምኑ፣ ላባቸው ጫማቸው ውስጥ ሲገባ፣ ድምፁ እየተራራቀ፣ እየተራራቀ ሄደ። ብረቱ እየበረደ ነበር። ምንም አልሆነም።

ወደ ግቢው ሲወጡ ፀሐዩ ዓይናቸውን መታው። አርባው ሴቶች አጥር ሥር ተኮልኩለዋል። ሥራ አስኪያጁ ከፎቅ ወርዷል። ዕድሜው አርባዎቹ መሃል ያለ፣ ሽማግሌም ወጣትም ያልሆነ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ወገን መዳኘት እችላለሁ ብሎ ያምናል።

«ውኃው እስኪያልቅ ማን ነው ብርጭቆዋ ፊት የነበረው?» አለ።

 መልስ የፈለገ ግን አይመስልም፤ ወደ ልጁ ዞሯል።

«አንተ ነህ አይደል? ስልክህ ላይ ተጥደህ!»

«ጨው ላመጣ ሄጄ ነበር።»

«ቦታህን ጥለህ! አባትህን በዚህ ዕድሜያቸው ብቻቸውን ትተህ! አርባ ሰው ልትፈጅ ነበር እኮ! ከእንግዲህ እዚህ ሥራ የለህም!»

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አለች ኮሎኔሏ፤ ገና እየተንቀጠቀጠች ነበር። «ጋሼ ባይደርሱ አልቀን ነበር!»

ልጁ ወደ አባቱ ዞረ። ጋሽ እንፋሎት ፊቱን አላዩትም፤ መዞሩን ግን አወቁ፣ ሰውነታቸው አወቀው። እየጠበቀ ነበር። ቃሉ አንዲት ናት፤ «እኔ ነኝ» ማለት። ምላሳቸው ላይ ደርሳለች። ቢሏት ግን ሥራው ሄደ፣ በጥፋት ስለሆነም ጡረታው አብሮ ሊሄድ ነው፣ በሽቦ የታሰረው መሣሪያም ይታያል፣ ወኅኒም አለ። ቃሏን ዋጧት። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእሳቸው ዝምታ ግን እዚያው፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ ቆመው እያሉ ነቀዘ።

ልጁ የሥራ ካፖርቱን አውልቆ አጣጠፈና መሬት ላይ አስቀምጦ በበሩ ወጣ።

ማምሻውን እቤት ሲገቡ ልጁ ቀድሟቸው ከእናቱ ጋር ተቀምጧል። ጋሽ እንፋሎት በሩ ላይ ቆመው ጉዳቸውን ሊሰሙ ጆሮአቸውን አቆሙ።

«ኮንትራቱን አናድስም አሉኝ» ሲል ሰሙት። «ሥራ ቀዝቅዟል። የአባዬ ጥፋት አይደለም።»

እናት ልብስ ሊያስገቡ ሲወጡ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ጋሽ እንፋሎት መቀመጥም መቆምም አቃታቸው።

«ለምን አልነገርካትም?»

«ምኑን?»

«ታውቃለህ ምኑን።»

 «ማየት እንደማትችል ካወቅኩ ሁለት ወር ሆነኝ» አለ ልጁ። «አንድ ቀን ጓንትህን ፊትህ አስቀምጬልህ ስትዳብስ አየሁህ።»

ጋሽ እንፋሎት ግድግዳውን ያዙ።

«ለምን ዝም አልክ ታዲያ? ብትናገር ቦታው ያንተ ነበር።»

«ለዚህ ነዋ! ብናገር፣ አባቱን ገፍትሮ ቦታውን ወሰደ አትለኝም? ዕድሜ ልክህን አትለኝም? አንተ እስክትነግረኝ ጠበቅኩ። ዛሬ ጠዋት ስለ ቧንቧዋ የጠየቅኩህ እንድትነግረኝ ነበር። ከዚያም ወንበር ስቤ ብርጭቆዋ ፊት የተቀመጥኩት ለምን ይመስልሃል?» ድምፁ ተሰበረ። «እነዚያን ሴቶች ሳስብ ሁለት ወር እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ አባዬ። እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ግን ግቢው ውስጥ… አንዲት ቃል ብቻ ነበር የፈለግኩት።»

ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ። ጋሽ እንፋሎት ልጃቸው ይናገርብኛል ብለው ዓመት ሙሉ የፈሩትን ፍርሃት አሰቡት፤ ከንቱ ሆኖ አገኙት። ሊፈሩት የሚገባው ሰው ሌላ ነበር፣ እሱም አሁን በልጁ ባዶ ወንበር ፊት ቆሟል።

በማግስቱ በጠዋት ከቦይለሩ ክፍል በፊት ወደ ፎቁ ወጡ። ደረጃውን በእጃቸው እየዳበሱ ወጡ። ሥራ አስኪያጁ ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሳ።

«ጋሼ! ልጠራዎት ነበር። አርባ ነፍስ ነው ያተረፉት። ጡረታዎን አንድ ዓመት አራዝመንልዎታል፤ ወረቀቱ ይኸው።»

«አለቃ፣ ልጄ አላጠፋም። እኔ ነኝ። መሣሪያውን በሽቦ ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ባዶውን ሙሉ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ። ዓይኔ አያይም።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። ክፋት የለበትም፣ በሐዘኔታ ነው የሳቀው። «የአባት አንጀት!» አለ። «ገባኝ ጋሼ፣ እኔም ልጆች አሉኝ። ግን እንዲህ እየሸፈናችሁላቸው ነው የዘንድሮ ልጆች የተበላሹት። በአምናው ምርመራ ዓይንዎ ንጹሕ ነው፤ ወረቀቱ እኔ ጋ አለ። ሽቦውን ዛሬ ሰው ልኬ አስፈታዋለሁ። አሁን እዚህ ጋ ይፈርሙና ይውረዱ፤ የትናንቱ አንሶላ እየጠበቀ ነው።»

እስክሪብቶ አስያዛቸው። ጋሽ እንፋሎት እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መልሰው ወረዱ።

ከታች ሴቶቹ ገብተዋል። ሮለሮቹ ቀዝቅዘው ቆመዋል። ጋሽ እንፋሎት ወደ ክፍላቸው አልገቡም፤ አዳራሹ በር ላይ ቆሙ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከግድግዳው ማዶ ሲሰሟቸው፣ ወደ አዳራሹ የገቡበት ቀን በጣት ይቆጠራል።

«ጋሼ፣ እንፋሎቱስ?» አለች ኮሎኔሏ ወደ እሳቸው እየመጣች። «ትናንት ሁላችንም አልተኛንም። እርስዎ ስላሉ ነው እንጂ ዛሬ ማንም እዚህ ባልገባ።»

«ልጄን ያባረሩት በእኔ ጥፋት ነው» አሉ ጮክ ብለው። «ብርጭቆዋን ያየኋት እኔ ነኝ። ማየት አልችልም። ዓመት ሆነኝ።»

ጉምጉምታ ተነሳ። «ኧረ ጋሼ! ለልጅዎ ብለው ነው» አለች አንዷ።

ጉምጉምታውን ሰምቶ ሥራ አስኪያጁም ደረጃው ላይ ደርሶ ነበር። «ተዉ ጋሼ» አለ ከኋላ።

«ኮሎኔል» አሉ ጋሽ እንፋሎት። ይህን ስም ፊት ለፊቷ ጠርተውት አያውቁም። «እዚያው ባለሽበት ቁሚ። እጅሽን አንሺና፣ ስንት ጣት እንደሆነ ልንገርሽ።»

 ጋሽ እንፋሎት ዓይናቸውን አጥብበው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ ከፊታቸው ያለውን ጥላ አፍጥጠው አዩት። የሆነ ነገር ከፍ ያለ መሰላቸው።  ልክ ቢሆኑ፣ በአጋጣሚ እንኳ ልክ ቢሆኑ፣ ማንም ከእንግዲህ አያምናቸውም፤ ተመልሰው ቦይለሩን ይለኩሳሉ።

«ሦስት» አሉ።

 ኮሎኔሏ ያ ሁሉ ድምፅዋ የት እንደገባ እንጃ፣ ስትናገር በሹክሹክታ ነበር።

«ጋሼ… እጄን ገና አላነሳሁም።»

አንዲት ሴት ወንበር ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ሌላዋ ማልቀስ ጀመረች። ከኋላቸው ሥራ አስኪያጁ ደረጃው ላይ እንደቆመ ነው። ጋሽ እንፋሎት ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ማን እንደሚቀበላቸው ሳያውቁ፣ ወደፊት ዘረጉት።

«ለልጄ ደውሉልኝ» አሉ። «መምጣቱን ግን እንጃ።»